ካልሲ የለበሰ ወይን

ቤታችን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከሰርግ ፎቷችን በስተቀኝ፣ ማንም እንዳይነካቸው ከታወጀባቸው ስድስት ብርጭቆዎች ጀርባ አንድ የፈረንሳይ፣ የቦርዶ ወይን ቆሞ ኖሯል። «ቆሞ» ያልኩት እንደ ዘበኛ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አረፍ አላለም። በ2000 ዓ.ም. ስንጋባ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጠን ስጦታ ነው። ሌላው ስጦታ፣ ብርድ ልብሱም ቴርሞሱም ሦስቱም የግድግዳ ሰዓቶች፣ ወይ አልቋል ወይ ለሌላ ሙሽራ ተላልፏል። ወይኑ ግን «ለትልቅ ቀን» ተብሎ ተቀመጠ።

የትልቁን ቀን ልክ የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ስትነሣ «ጠላና ጠጅ ሞልቶ ምን ወይን አስፈለገ» አለች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን «ቁልፉን ሳንረከብ?» አለች። ቁልፉን ስንረከብ ደግሞ «በዚህ አቧራ ውስጥ?» እኔ የደረጃ ዕድገት ያገኘሁ ጊዜ ጭማሪው ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወደ ቡፌው ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ቡፌውን ስትወለውል ጠርሙሱን አንሥታ ወረቀቱን አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ነገር የተጭበረበረ ነው።»

«ምኑ?»

«2005 ይላል። እኛ የተጋባነው በ2000። ገና ያልተሠራ ወይን ነው እንዴ የሰጡን?»

አቆጣጠሩ የፈረንጅ መሆኑን፣ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ወይኑ የተለቀመበት ዓመት መሆኑን፣ ይህም በእኛ የ1998 መስከረምና ጥቅምት ገደማ መሆኑን አስረዳኋት። እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። «እንዲያውም ለቦርዶዎች ያ ዓመት ከምርጥ ዓመቶቻቸው አንዱ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ጠርሙሱ የዚያኑ ዕለት ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተገፋ።

አሁን ስለ ወዳጄ ልናገር። ወዳጄ የቡና ቀማሽ ነው። ሃያ ዓመት ያህል እንጀራ የሚበላው ቡና አፉ ውስጥ እያስገባ በመትፋት ነው። ሥራ ቦታው ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይደረደራል፤ ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ ይፈስሳል፤ አራት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ በማንኪያ ከላይ የተንሳፈፈውን ገፈት ሰበር አድርጎ አፍንጫውን ስኒው ውስጥ ይነክራል። ቀጥሎ በማንኪያ ቀድቶ ይምገዋል። አማማጉ ነው ጉዱ። የቆርቆሮ ጣሪያ በንፋስ ሲገነጠል የሚሰማውን ድምፅ ያወጣል። ቡናው እንደ ጉም ተበትኖ ምላስና ላንቃውን ሁሉ እንዲያዳርስ፣ ሽታውም በውስጥ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው ይላል። ከዚያ ይተፋል፤ «ይርጋጨፌ፣ የታጠበ» ይላል፤ ይሄዳል። ምሳ ስንበላ ግን እንደማንኛችንም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚበላው።

ይኸው ሰው ባለፈው ሰኔ ቤቴ ተቀምጦ ዐይኑ ቡፌው ላይ አረፈ።

«ይሄ ወይን ስንት ጊዜው ነው እንደዚህ ከቆመ?»

«ዐሥራ ሰባት ዓመት።»

ሰው የሞተበት መሰለ። ጠርሙሱን አወጣው፤ በመብራት አየው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቀኝ። በቡፌው በኩል ነው የምትገባው። ከዚያ ትምህርት ጀመረ። ወይን ጨለማ ቦታ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሦስት ዲግሪ በሚሆን ስፍራ፣ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። የሚጋደመውም ወይኑ ቡሹን እንዲያርሰው ነው። ቡሹ ከደረቀ ይሸበሸባል፤ ከተሸበሸበ አየር ያስገባል፤ አየር ከገባ ደግሞ . . .

«ኮምጣጤ» አለች ባለቤቴ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር እየለቀመች ነበር። እየሰማችን መሆኑን ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

«ስለዚህ አሁኑኑ መከፈት አለበት» አልኩ፣ ሳይንስ ከጎኔ ሲሰለፍ የመጀመሪያ ጊዜው ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዝም ብሎ መክፈት ግን ለወዳጄ ሙያ ንቀት ሆኖ ታየኝ። በስውር እንቅመሰው አልኩ። እሱ የዝዋይ ወይን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ጉደር እገዛለሁ፤ የቡፌው ሦስተኛ ይሆናል፤ ጠርሙሶቹ ይሸፈናሉ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ምላሳችን ይንገረን። መሸፈን ለምን እንደሚያስፈልግም በሰፊው አብራራሁ። ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሬደሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለ54 የወይን ተማሪዎች ነጭ ወይን፣ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አስመስሎ ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ለቀይ ወይን የሚነገረውን ቃል ሁሉ ደረደሩለት። ጥናቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ስተርክ እየሳቅኩ ነበር። «አስበው! የወይን ተማሪ ሆኖ! ዐይኑ ምላሱን ሲያታልለው!»

ምስሩ ሲንኳኳ የነበረው ድምፅ ቆመ። ባለቤቴ ቀና ብላ «እሺ» አለች።

«ምኑን እሺ?»

«ይከፈት። የምሸፍነው ግን እኔ ነኝ። የምቀዳውም እኔ ነኝ። እናንተ ማዕድ ቤት አትገቡም።»

ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልተገኘች «እሺ» እንዲህ በነጻ ስትሰጥ አስተዋይ ሰው ይደነግጣል። እኔ ካልሲ ፍለጋ ሄድኩ። ለጠርሙስ ልብስ ከካልሲ የተሻለ የለም፤ ልኩን የተሰፋለት ይመስላል። ታጥበው የተጣጠፉ ሁለት ጥንድ፣ ጥቁርና ቡኒ፣ ሰጠኋት። ለሦስት ጠርሙስ አራት ካልሲ። አራተኛውን መልሺ አላልኩም።

ቀኑን የመረጥነው የሰኔ ጾም ተፈቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ቀዳዳ ነው፤ የሐምሌ እሑድ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ወዳጄ ቴርሞሜትር ይዞ መጥቶ ሳሎናችን መሐል ቆሞ አነበበና «ዐሥራ ሰባት» አለ በአድናቆት። ለካስ ቀይ ወይን የሚጠጣው ከዐሥራ ስድስት እስከ ዐሥራ ስምንት ዲግሪ ላይ ነው። «በክፍል ሙቀት» የሚባለው ማሞቂያ ያልነበራቸው የድሮ ፈረንሳዮች ክፍል ነው፤ የእኛ የሐምሌ ሳሎን ማለት ነው። በጋቢ ተጠቅልለን የምንንቀጠቀጥበት ቤት ለወይን የተሠራ መሆኑን ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ ከእኛ ጋር ናቸው የሚኖሩት። በዘመናቸው ስመ ጥር ጠጅ ጣይ ነበሩ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ብርጭቆ ሲሶ ያህል ቀድታ ስታቆም እማማ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ምነው ልጄ፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም እማዬ፣ እንደዚህ ነው የሚቀዳው።»

«ለእንግዳ?»

ብርጭቆው የማይሞላው ወይኑን አሽከርክሮ ሽታውን ለማስወጣት መሆኑን ወዳጄ በትሕትና አስረዳቸው። አዳመጡት። ነገር ግን ጎዶሎ ብርጭቆ ፊቱ የተቀመጠ እንግዳ ሲያዩ ቤታቸው እንደ ተዋረደ ነው የሚሰማቸው፤ ምሽቱን ሙሉ ባለቤቴን በዐይናቸው «ጨምሪለት» ሲሉ አመሹ።

ማሽከርከሩን ቻሉት። መትፋቱን ግን እንዴት ይቻሉት? ወዳጄ ልማዱ ነውና መትፊያ ጠየቀ። ቤት ውስጥ የተገኘው የእጅ ማስታጠቢያው ነው፤ ሰማያዊው ፕላስቲክ። ከጎኑ አኖርንለት። የመጀመሪያውን ማገ፤ ቆርቆሮው ተገነጠለ፤ ድመቷ ሶፋ ሥር ገባች። ከዚያ ማስታጠቢያው ውስጥ ተፋ። እማማ ግንባሩን በመዳፋቸው ሊነኩት ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ አሞሃል። ዳማከሴ ልጭመቅልህ?»

«የለም እማማ፣ ሥራዬ ነው።»

«መትፋት?»

«አዎ።»

«ደመወዝ አለው?»

እኔ አልተፋሁም። ጥሩ ወይን የሚተፋ ሰው ሃይማኖቱም ያጠራጥረኛል።

እንግዲህ ወደ ቅምሻው። ከፊታችን ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት። ሦስተኛውን ጊዜ አላጠፋንበትም። ገና ከንፈራችንን ሲነካ ተያየን። ጉደር ነበር፣ የምዕራብ ሸዋዋን ከተማ ስም የያዘው፣ የጉርምስናችን ወይን። በዚያን ጊዜ ወይን ብቻውን ይጠጣል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ጉደር በኮካ ነው የምናውቀው። ወዳጄ ይህን ሳነሣበት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። ስፔን ውስጥ ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ እኩል ቀላቅለው «ካሊሞቾ» ብለው በኩራት ይጠጡታል፤ ስሙም በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ የሰፈር በዓል ላይ ወይኑ ደኅና ሳይሆን ቀርቶ ኮካ ሲደባለቅበት ነው የወጣለት ይባላል። ስም አውጥተንለት ቢሆን ኖሮ እኛም ባልታማን።

ፍልሚያው በአንድና በሁለት መካከል ሆነ። ከሁለቱ አንዱ የዝዋይ፣ አንዱ የቡፌው። የዝዋዩን ፈረንሳዩ ካስቴል ነው የሚጠምቀው፤ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ፣ ከሐይቁ አጠገብ ካለ እርሻ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ የተቆፈረለት ወይን ነው። የቦርዶ ገበሬ በረዶ ነው የሚፈራው፤ ጉማሬ በሕልሙም አይመጣበት።

ወዳጄ የዝዋዩን ጠርሙስ ወረቀት ቀድሞ አንብቦት ነበርና ጥቁር ከረንት የሚባል የፍሬ ጣዕም እንደሚጠበቅ ነገረኝ።

«ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ፈረንጆቹ ለቡናም ይሉታል፤ እኔ አጋም ብዬ ነው የምመዘግበው።»

አጋም! ቀመስኩት፤ በእርግጥ አጋም ነው። ያን ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ለመያዝ የደረሰ፣ ጣት ላይ ሙጫውን የሚያጣብቅ፣ በልጅነታችን ከአጥር ላይ እሾሁ እየወጋን የለቀምነው አጋም ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ሰው የማያውቀውን ፍሬ አፉ ውስጥ ሲፈልግ ምሽቱ ያልፍበታል። አጋም፣ ቀጋ፣ እንኮይ፣ ኮሽም ተብሎ ቢጻፍልን ሁላችንም ቀማሾች ነበርን።

በዚህ ተደፋፍሬ ነው የተናገርኩት። ቁጥር አንድን አሽከረከርኩ።

«ይሄ ልጅ ነው» አልኩ። «ይቸኩላል። ፍሬው ፊት ለፊት ነው፤ የሚደብቀው ነገር የለውም። ዝዋይ ነው።»

ከዚያ ቁጥር ሁለትን አነሣሁ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ይሄ ግን . . . ይሄ ዕድሜ አለው። ሰከን ብሏል። ፍሬው ወደ ኋላ ሄዷል፤ በቦታው አንድ ቅመም መጥቷል። ይሰማሃል? ከበስተኋላ የሚመጣው? በቶሎ የማይገኝ ነገር ነው። ከመሬት በታች ያለ የድንጋይ ጎተራ፣ የባሉጥ በርሜል . . . ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው የምትቀምሰው።»

ፈረንሳይ ረግጬ አላውቅም። የድንጋዩን ጎተራ ግን በዐይኔ አየሁት።

ወዳጄ ማገ፣ ተፋ፣ አንድን ደግሞ ማገ፣ ተፋ። ራሱን ነቀነቀ።

«አንድና ሁለት ወንድማማቾች ናቸው» አለ። «ሁለት ግን ማዕድ ቤት ውሎ የመጣ ይመስላል።»

አዘንኩለት። ሃያ ዓመት ቡና የያዘው አፍ ምን ያድርግ ብዬ በልቤ ይቅርታ አደረግኩለት። ጮክ ብዬም፣ ቡና ሌላ ወይን ሌላ መሆኑን፣ ዕድሜ ለወይን የሚሰጠው ነገር ለቡና እንደማይሰጥ፣ ለዘብ ባለ ቃል አስተማርኩት። ባለቤቴ ጠርሙሱን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞራ ዝናቡን ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ መስሎኛል።

እማማም ይቅመሱ ተባለ። «ወይን ጠጅ ካላችሁት ጠጅ ነው» ብለው፣ ወይን በእሳቸው ዘንድ ለቅዱስ ቁርባን ከዘቢብ የሚጨመቀው መሆኑን፣ ሌላውን ለማየት ያህል ብቻ እንደሚቀምሱ አስታውቀው ቁጥር ሁለትን ፉት አሉ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

«ጌሾው በዝቷል።»

«ጌሾ የለውም እማማ» አልኩ። «ያ ድድ የሚጨብጠው፣ እንደ ጥሬ ሙዝ አፍ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ይባላል። ከወይኑ ልጣጭና ከዘሩ ነው የሚመጣው፤ ከበርሜሉ እንጨትም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ጌሾው በዝቷል።»

ወዳጄ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

እራት ቀረበ። ወዳጄ አስቀድሞ ለምኖ ነበር፤ ዳቦና አይብ ብቻ፣ በርበሬ እንዳይኖር። ለእንግዳ አይብ ብቻውን! እማማ ዶሮውን ከማለዳ ጀምረው ነው ያቁላሉት። ሁለት ጉርሻ ከወሰድኩ በኋላ ያ የሰከነው፣ ባለ ጎተራው ወይን አፌ ውስጥ ነደደ። በርበሬ ያቃጠለው ምላስ ላይ አልኮል ሲጨመር እሳት ላይ ላምባ እንደማርከፍከፍ ነው፤ ታኒኑም ይብስበታል። ወዳጄ «ነግሬ ነበር» በሚል ዐይን አየኝና ሦስተኛ ጉርሻውን ወሰደ።

ቡናው ቀርቦ ሁለተኛው ሲቀዳ ነው ባለቤቴ የተናገረችው።

«ስንት ጠርሙስ የጠጣችሁ ይመስላችኋል?»

«ሦስት።»

«ሁለት።»

ካልሲዎቹን አወለቀች። ቁጥር ሦስት ጉደር፤ ትክክል። ቁጥር አንድ የዝዋይ፤ ትክክል። ቁጥር ሁለት ወረቀት የሌለው ባዶ ጠርሙስ ነበር። አወቅኩት። እማማ ጥቁር አዝሙድ የሚያስቀምጡበት ጠርሙስ ነው።

«የዝዋዩን ለሁለት ከፈልኩት» አለች። «ሁለት ሰው ሦስት ጠርሙስ ምን ያደርግለታል? አንዱ ደግሞ እየተፋ።»

«ጥቁር አዝሙድ!» አለ ወዳጄ፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ጭኑን መትቶ። «ስሙ ነው የጠፋኝ!»

«በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ» አለች ባለቤቴ፣ በዚህ ብቻ ትንሽ ቅር ብሏት።

እኔ ስለ ድንጋዩ ጎተራ ማንም እንዳያነሣብኝ ሲኒዬን አጎንብሼ እመለከታለሁ። ወዳጄ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ ቅመሙን ማሽተቴ ራሱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ የተሳሳትኩት አድራሻውን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እሱማ ይህ የየዕለት ሥራው ነው። ሦስት ስኒ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለቱ ከአንድ ቡና፣ አንዱ ከሌላ፤ ባዕዱን ለይ ይባላሉ። ቁጥር አንድና ሁለትን ገና እንደማጋቸው ነው የገባው። ለምን አጥብቆ እንዳልተከራከረኝ ጠየቅኩት።

«ደስ ብሎህ ነበር» አለ።

«የቡፌውስ?» አልኩ በመጨረሻ። «የት ደረሰ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ። ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ተጋድሟል። ራሳችሁ አይደላችሁም እንዲህ ነው የሚቀመጠው ያላችሁት?»

«እህቴ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ከቆመ በኋላ ቢጋደም ዋጋ የለውም» አለ ወዳጄ። «ይኼን ጊዜ ኮምጣጤ ሆኖ ይሆናል።»

«ካልተከፈተ በምን ይታወቃል?»

ሃያ ዓመት የቀመሰው ሰው መልስ አጣ። መቼ እንደሚከፈት ጠየቃት። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ፣ አለች። ልጅቱ ዘንድሮ ዐሥረኛን ጨርሳለች። እማማ ማስታጠቢያውን ሊደፉ ይዘው ሲወጡ፣ በመንገዳቸው ወዳጄን «ለመሆኑ ጉሮሮህ ተሻለህ?» አሉት።

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከታች፣ የሰርግ ቀሚሷ ከተጣጠፈበት ላይ፣ ተጋድሟል። የጎደለውን ቡኒ ካልሲዬን እስከ አንገቱ ለብሶት ነበር።